የዓለም ወጣቶች የበረዶ ሆኪ ሻምፒዮና፦ ስለ ትኬት ዋጋና ስለ ባዶ ወንበሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ነው።

ይህ ውድድር ምንድን ነው? የሚካሄደውስ መቼ ነው?

ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ተጫዋቾች ለአገራቸው የሚሰለፉበት የበረዶ ሆኪ የዓለም ሻምፒዮና ነው። በዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን ሥር በይፋ መካሄድ የጀመረው በ1977 ነው። አሥር አገሮች በሁለት ምድብ ተከፍለው ይጫወታሉ። ውድድሩ በፈረንጆች ገና ማግስት፣ ዲሴምበር 26 ተከፍቶ ጃንዋሪ 5 ገደማ ያበቃል፤ ለእኛ የነቢያት ጾም መገባደጃ መሆኑ ነው።

ለጨዋታው እንግዳ የሆነ አንባቢ የአገራችንን የገና ጨዋታ ያስብ። በቆልማማ ዱላ ሩሯን የሚያሳድዱት ጎረምሶች በበረዶ ላይ፣ ስለት ባለው ጫማ ቢሮጡ ይህንኑ ይመስላሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባልበት ሜዳ ግን መግቢያ አያስከፍልም።

በእርግጥ ተመልካቹ ቀንሷል ወይስ ወሬ ነው?

በአንዳንድ ዓመታት በጣም ቀንሷል፤ በሌሎቹ ደግሞ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፍተኛው ዘመን 2009 እና 2012 ነበር። በመጀመሪያው ኦታዋ፣ በሁለተኛው ካልጋሪና ኤድመንተን (ሁሉም የካናዳ ከተሞች ናቸው) ሲያስተናግዱ በእያንዳንዱ ውድድር ከ450 ሺህ በላይ ተመልካች ተመዝግቧል። ለ2012ቱ ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሳ ትኬት በዕጣ እስከ መሸጥ ተደርሶ ነበር።

በ2015 ሞንትሪያልና ቶሮንቶ አብረው ሲያዘጋጁ ቁጥሩ ወደ 366 ሺህ ወረደ። ሁለቱ ከተሞች በ2017 ሲደግሙት ከዚያም በብዙ አሽቆለቆለ፤ በ2022 የበጋ ወራት ኤድመንተን ላይ ደግሞ ባዶው ወንበር ከሰው ይልቅ ጎልቶ ይታይ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሃሊፋክስና ሞንክተን ያንኑ ውድድር አስተናግደው አዳራሾቻቸውን ሞሉ። ስለዚህ «የወጣቶች ሆኪ ሞቷል» የሚለው ድምዳሜ ከእውነታው ጋር አይገጥምም። የሚለዋወጠው ቦታው፣ ጊዜውና የአሻሻጡ ስልት ነው።

ተጫዋቾቹ ገና ልጆች ናቸው። ታዲያ ትኬቱ እንደ ትልልቆቹ ጨዋታ ለምን ይወደዳል?

ብዙ ሰው የሚያስበው የአዳራሽ ኪራይ፣ የቡድኖች ጉዞና ሆቴል ስለሚወደድ ነው ብሎ ነው። እነዚህ ወጪዎች እውነተኛ ናቸው፤ ዋናው ምክንያት ግን እነሱ አይደሉም። ውድድሩ ካናዳ ውስጥ ሲካሄድ ትርፉ ለአገሪቱ የሆኪ ማኅበር ለሆኪ ካናዳ፣ ለየክፍላተ ሀገሩ ማኅበራትና ለካናዳ ወጣቶች ሊግ ይከፋፈላል። ለእነዚህ አካላት ይህ ውድድር የጥገት ላም ነው።

በዚህ ላይ አዘጋጅ ለመሆን የሚወዳደሩ ከተሞች «ቢያንስ ይህን ያህል ትርፍ እናስገባለን» ብለው ዋስትና ይሰጣሉ። ልብ በሉ፤ ቃሉ የሚሰጠው አንድም ትኬት ሳይሸጥ ነው። ያንን ዋስትና የፈረመ አዘጋጅ ዋጋ ሲተምን መጀመሪያ የሚያየው የገባውን ቃል ነው፤ የተመልካቹ ኪስ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ቴሌቪዥኑም አግዟል። ቲኤስኤን የተባለው የካናዳ የስፖርት ጣቢያ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ውድድሩን የበዓል ሰሞን ልማድ አድርጎታል። አዘጋጆቹም በየቤቱ የተቀመጠውን ተመልካች እያዩ ሁሉም ትኬት ገዢ ይመስላቸዋል።

ጥቅል ትኬት የሚሉት ምንድን ነው? የምፈልገውን አንድ ጨዋታ ብቻ መግዛት አልችልም?

ትችላላችሁ፤ ግን ተራችሁ መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ለሽያጭ የሚቀርበው በአንድ ከተማ የሚደረጉትን ጨዋታዎች በሙሉ የያዘው ጥቅል ነው። ቀጥሎ አነስ ያሉ ጥቅሎች ይመጣሉ። ነጠላ ትኬት የሚወጣው የተረፈው ወንበር ሲታወቅ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በውድድሩ ወደ 30 የሚጠጉ ጨዋታዎች አሉ። ካናዳ የምትጫወተው በምድብ አራት ጊዜ ነው፤ እስከ ፍጻሜ ብትደርስ በድምሩ ሰባት። አንድ ኦታዋ የሚኖር አባት ለልጁ ብሎ ጥቅል ከገዛ፣ ልጁ የሚያልመው በአዲስ ዓመት ዋዜማ ማታ የሚደረገውን የካናዳ ጨዋታ ነው። ከጥቅሉ ውስጥ ሲመዘዝ ግን በሥራ ቀን ቀትር ላይ ሁለት የአውሮፓ አገሮች የሚገናኙበት ትኬትም ይወጣል። አባት ሥራ ላይ ነው፤ ትኬቱ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። ወንበሩ ተሽጧል፤ የተቀመጠበት ግን የለም። በእኔ እይታ የውድድሩ ትልቁ ሕመም ከዋጋው መናር ይልቅ ይህ ነው፤ ሰው ሊያየው ያልፈለገውን ጨዋታ በግድ ከሚፈልገው ጋር አስሮ መሸጥ።

የተመልካች ቁጥር ተብሎ የሚነገረው በቴሌቪዥን ከማየው ለምን ይበልጣል?

በሰሜን አሜሪካ ስፖርት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ቁጥር የተሸጠና የታደለ ትኬት እንጂ በር ላይ የተቆጠረ ሰው አይደለም። መሳቢያ ውስጥ ያደረው ትኬትም «ተመልካች» ተብሎ ይመዘገባል። ካሜራው ደግሞ ከፍ ብሎ ከአንድ ወገን ስለሚቀርጽ የሚያሳያችሁ ፊት ለፊት ያለውን ዝቅተኛ ረድፍ ነው። እሱ ከሁሉም ውዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የድርጅቶችና የስፖንሰሮች ድርሻም ይገኝበታል። ርካሹ ላይኛው ፎቅ ሞልቶ ዝቅተኛው ረድፍ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሞንትሪያል የሆኪ ከተማ አይደለችም እንዴ? እዚያ ለምን ባዶ ሆነ?

የካናዲየንስ፣ በትልቁ የሰሜን አሜሪካ ሊግ (ኤንኤችኤል) የሚጫወተው ክለብ፣ ከተማ ናት፤ ይህ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የክለቡ አዳራሽ ቤል ሴንተር ከ21 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ ካናዲየንስ ሲጫወት ይሞላል። ሰዉ ለዚያ ክለብ በየዓመቱ ብዙ ገንዘብ ያወጣል። በገና ሰሞን፣ የስጦታና የድግስ ወጪ ካለቀ በኋላ፣ ለወጣቶች ጨዋታ እንደገና በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር አውጣ ሲባል እጁ ይሰበሰባል።

በ2015 የካናዳ የምድብ ጨዋታዎች የተደለደሉት ለሞንትሪያል ነበር። በመክፈቻው ዕለት ካናዳ ስሎቫኪያን 8 ለ 0 ስትረታ በሺዎች የሚቆጠሩ ወንበሮች ባዶ ነበሩ። በበረዶው ላይ የነበረው ደግሞ ኋላ ከዓለም ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ኮነር ማክዴቪድ ነው! ዛሬ እሱን ለማየት ሰው የሚከፍለውን አስቡት።

አንዳንዶች «የኩቤክ (የሞንትሪያል ክፍለ ሀገር) ተጫዋች በቡድኑ ውስጥ ስለሌለ ነው» ይላሉ። ይህ አያስኬድም። በ2017 የውድድሩ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ተከላካዩ ቶማ ሻቦት የኩቤክ ልጅ ነው። እንዲያም ሆኖ ካናዳ ከስዊድን ጋር ያደረገችው ግማሽ ፍጻሜ ቤል ሴንተርን አልሞላውም። ሰዉ ግር ብሎ የመጣው ለፍጻሜው ነው። አሜሪካ ከካናዳ ስትጫወት ከ20 ሺህ በላይ ተመልካች ተገኝቶ ነበር፤ አሜሪካ በመለያ ምት 5 ለ 4 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ከዚህ የምንረዳው የከተማው ሰው ጨዋታ መርጦ እንደሚመጣ ነው፤ አዘጋጁ ደግሞ ሁሉንም ጨዋታ በፍጻሜ መንፈስ ተምኖት ነበር።

በ2017 ዋጋ ቀንሰው አልነበረም? ታዲያ ለምን አልረዳም?

ከ2015ቱ ትምህርት ወስደው ዋጋውን ዝቅ አድርገዋል። ግን ሦስት ነገሮች አልተቀየሩም። አንደኛ፣ ያው ሁለት ከተሞች በሁለት ዓመት ልዩነት ያንኑ ውድድር መልሰው አዘጋጁ፤ ብርቅነቱ ጠፋ። ሁለተኛ፣ አዳራሾቹ ያው በቶሮንቶና በሞንትሪያል ያሉት ግዙፍ የክለብ አዳራሾች ናቸው። አሥር ሺህ ሰው ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ሲገባ ግርግር ነው፤ ቤል ሴንተር ውስጥ ግን ግማሽ ባዶ ነው፣ ወሬውም «ማንም አልመጣም» ይሆናል።

ሦስተኛውን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ደንበኛ አንዴ «እዚያ ውድ ነው» ብሎ ከሸሸ፣ ቅናሹን የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ሰው የሚያስታውሰው ሊገዛ ሲል ያስደነገጠውን የመጀመሪያ ዋጋ እንጂ በኋላ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አይደለም።

ሰው የሚመጣው ካናዳ ስለምትጫወት ብቻ ነው ማለት ነው?

በሰሜን አሜሪካ ይህ ለእውነት የቀረበ ነው፤ ባፋሎ ጥሩ ምስክር ናት። ከተማዋ አሜሪካ ውስጥ ብትሆንም ከካናዳ ክፍለ ሀገር ከኦንታሪዮ ድንበር አጠገብ ስለሆነች ካናዳውያን ድልድዩን ተሻግረው ይመጣሉ። በዲሴምበር 2017 ካናዳና አሜሪካ በአሜሪካ እግር ኳስ ስታዲየም፣ ሰማይ ሥር፣ በረዶ እየዘነበባቸው ሲጫወቱ 44,592 ሰው ተገኝቷል፤ ለዚህ ውድድር ጨዋታ ታይቶ የማይታወቅ ቁጥር ነው።

የቀረው የባፋሎ ውድድር ግን ያን ያህል አልደመቀም፤ ከተማዋ በ2011 ካስተናገደችው በግልጽ አንሷል። ብዙ ተንታኝ የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፦ ምንዛሪ። በ2011 መጀመሪያ የካናዳ ዶላር ከአሜሪካ ዶላር ጋር እኩል ነበር። በ2017 መጨረሻ ወደ 79 ሳንቲም ወርዶ ነበር። የተለጠፈው ዋጋ ሳይነካ እንኳ ለካናዳዊው ደጋፊ ትኬቱ፣ ሆቴሉና ነዳጁ ከአራት እጅ አንድ ያህል ተወደደበት። ከውጭ ምንዛሪ ጋር የሚታገል ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም።

አዘጋጆቹን የማመሰግንበት ነገርም አለ። የሌሎች አገሮችን ብዙ ጨዋታዎች ከትልቁ አዳራሽ ጋር በተያያዘችው 1,800 ወንበር ብቻ ባላት ትንሽ አዳራሽ አድርገዋቸዋል። እዚያ ጥቂት መቶ ደጋፊዎች ሲዘምሩ ጣሪያው ያስተጋባል።

በ2022 ኤድመንተን ላይ የሆነው ምን ነበር?

ሁሉም ክፉ ነገር በአንድ ላይ ተገጣጠመ። ውድድሩ በዲሴምበር 2021 ተጀምሮ በኮቪድ ምክንያት በአራተኛው ቀን ተሰረዘ። ከዚያ በኦገስት 2022 እንደ አዲስ ተጀመረ። ኤድመንተን ባለችበት በአልበርታ ክፍለ ሀገር ክረምቱ ረጅም ነው፤ ሰዉ አጭሯን በጋ በሐይቅ ዳርና በካምፕ ሊያሳልፍ ሲጠባበቅ ኑ በረዶ እዩ ተባለ። የከተማው ክለብ ኦይለርስ በዚያው ዓመት እስከ ምዕራብ ምድብ ፍጻሜ ስለዘለቀ የደጋፊው ኪስም ቀድሞ ተራቁቶ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ግን የሆኪ ካናዳ ቅሌት ነው። በ2018ቱ የወጣቶች ቡድን አባላት ላይ የቀረበን የወሲብ ጥቃት ክስ ማኅበሩ በገንዘብ ካሳ በስምምነት እንደዘጋው በሜይ 2022 ይፋ ሆነ። የፌዴራል መንግሥቱ ድጋፉን አገደ፤ ታላላቅ ስፖንሰሮች ራቁ፤ ሁልጊዜ በማስታወቂያ የሚሸፈነው የሜዳው ዙሪያ ሰሌዳ ነጭ ሆኖ ታየ። ብዙ ቤተሰብ ለልጁ የከፈለው መመዝገቢያ ገንዘብ ለምን እንደዋለ ሲሰማ ልቡ ሻከረ። በዚያ ዓመት መገባደጃ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅና ቦርዱ ከቦታቸው ለቀዋል። በወንጀል የተከሰሱትን አምስት ተጫዋቾች በተመለከተ ደግሞ ፍርድ ቤት በ2025 ነጻ አሰናብቷቸዋል።

ካናዳ ፊንላንድን በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን በራሷ ሜዳ ስታነሣ የተገኘው ሰው ከ13 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነበር። አዳራሹ ከ18 ሺህ በላይ ይይዛል። እንዲህ ባለ ዓመት ትኬቱ በግማሽ ቢቀንስም የሚሞላ አይመስለኝም።

ታዲያ ሃሊፋክስና ሞንክተን በዚያ ቅሌት ማግስት እንዴት ሞሉ?

የ2023ቱ ውድድር ለሩሲያ ተሰጥቶ ነበር፤ ዩክሬን በመወረሯ ተነጥቆ ለሁለቱ የምሥራቅ ጠረፍ ከተሞች ተላለፈ። ሃሊፋክስ ይህን ውድድር ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው በ2003 ነው። ሃያ ዓመት! በአቅራቢያዋ የትልቁ ሊግ ክለብ የለም፤ የአካባቢው ሰው ፍቅሩን የሚሰጠው ለወጣቶች ሊግ ቡድኖቹ ነው። ስለዚህ የመጣለት የለመደው ጨዋታ ነው፣ በጣም የተሻለው ዓይነት።

አዳራሾቹም ልካቸውን ያወቁ ናቸው። የሃሊፋክሱ ከአሥር ሺህ ብዙም አይበልጥም፣ የሞንክተኑ ከዚያ ያንሳል። በዚያ ላይ የካናዳው ኮከብ ኮነር ቤዳርድ በሰባት ጨዋታ 23 ነጥብ (ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) ያስመዘገበበት ዓመት ሆነ። ትኬቱ እዚያም ርካሽ አልነበረም። ሰዉ ቅር እያለው ከፈለ፣ ግን ከፈለ። ዋጋ ብቻውን አዳራሽ እንደማያራቁት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

በአውሮፓ ሲካሄድስ?

ትኬቱ በአብዛኛው ይረክሳል፤ ከአዘጋጇ አገር ጨዋታ ውጭ ባዶ ወንበር ማየትም የተለመደ ነው፣ ማንም አይደነግጥበትም። ሄልሲንኪ በ2016 ከ200 ሺህ በላይ ተመልካች በማስተናገድ ለአውሮፓ ከፍተኛውን ቁጥር አስመዝግባለች፤ ፊንላንድም ዋንጫውን በቤቷ አስቀረች። ይህ «ክብረ ወሰን» የኦታዋን የ2009 ቁጥር ግማሽ አይሞላም። ካናዳ ላይ «ውድቀት» የሚባለው ዓመት አውሮፓ ውስጥ ቢሆን ድል ይባል ነበር።

በርካሽ ለማየት ምን ይሻላል?

ጥቅሉን ተዉት፤ ነጠላ ትኬት እስኪወጣ ጠብቁ። ልጆች ካሏችሁ የቀን የምድብ ጨዋታ ምረጡ፦ ቼክ ከስሎቫኪያ፣ ስዊድን ከፊንላንድ። የጎረቤት ፉክክር ስለሆነ ጨዋታው ይጋላል፣ ትኬቱ ግን ከካናዳ ጨዋታ በብዙ ያንሳል፤ ወደ በረዶው ጠጋ ብሎ የመቀመጥ ዕድልም አለ። ቡድኖቹ ከውድድሩ በፊት የሚያደርጉት የዝግጅት ጨዋታም ብዙ ጊዜ በትንንሽ ከተሞች ይደረጋል።

በዳግም ሽያጭ የምትገዙ ከሆነ ካናዳ በሩብ ፍጻሜ ያለችበትን ቀን አስታውሱ። ከተሸነፈች የግማሽ ፍጻሜና የፍጻሜ ትኬት የገዛው ደጋፊ በዚያው ሌሊት ሊሸጥ ይሯሯጣል። በ2025 ኦታዋ ላይ ካናዳ በቼክ ተሸንፋ ስትሰናበት ፍጻሜው የአሜሪካና የፊንላንድ ሆነ፤ በተጨማሪ ሰዓት የተጠናቀቀ ግሩም ጨዋታ ነበር። ስትገዙ ግን በስልክ መተግበሪያው ወደ ራሳችሁ ስም የሚተላለፍ ትኬት ይሁን። በፎቶ የሚላክ ትኬት አትግዙ።

ባዶውን ወንበር ለልጆች በነጻ ለምን አይሰጡትም?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ አዘጋጆቹን የሚያስጨንቃቸው ግን ይህ ነው። የመጀመሪያው ችግር ሙሉ ዋጋ የከፈለው ሰው ነው። አንድ ሺህ ዶላር የሚጠጋ ለጥቅል ያወጣ ደንበኛ ጎኑ በነጻ የገባ ሰው ሲቀመጥ ካየ፣ በሚቀጥለው ዓመት እስከ መጨረሻው ቀን ይጠብቃል እንጂ ቀድሞ አይገዛም። ሁለተኛው፣ ባዶ ከሚታዩት ወንበሮች ብዙዎቹ በእርግጥ የተሸጡ ናቸው። ባለቤቱ ባይመጣም አዘጋጁ ለሌላ ሊሰጣቸው አይችልም።

ሦስተኛው ጊዜው ነው። ልጆችን በብዛት ማምጣት የሚቀለው በትምህርት ቤት በኩል ነው፤ ውድድሩ ሲካሄድ ግን ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ስለዚህ ነገሩ በኖቬምበር መታሰብ አለበት። የቀን ጨዋታዎችን ከጥቅሉ አውጥቶ፣ ላይኛውን ፎቅ ለየሰፈሩ የልጆች ቡድኖችና ለስደተኛ ማኅበራት ገና ከመጀመሪያው በትንሽ ዋጋ መመደብ ይቻላል። በኤድመንተን፣ በካልጋሪ፣ በኦታዋና በቶሮንቶ የኛም ማኅበረሰብ ልጆች አሉ፤ ብዙዎቹ ይህን ጨዋታ ከቴሌቪዥን ውጭ አይተውት አያውቁም። ይህን የሚያደርግ አዘጋጅ ግን የትርፍ ዋስትናውን ሲፈርም ያንን ፎቅ ከሒሳቡ ማውጣት ይኖርበታል፤ ሆኪ ካናዳም ያነሰውን ቁጥር አይቶ ከተማዋን ላለመጣል መስማማት አለበት።